የጥቅም ግጭት አቤቱታ በብሪታንያ ፓርላማ እንዴት ይመረመራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕዝብ እንደራሴ ከአንድ ኩባንያ ገንዘብ እየተቀበለ ለዚያው ኩባንያ ጉዳይ ቢያስፈጽም ማን ይጠይቀዋል? የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት (ሃውስ ኦፍ ኮመንስ) ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ 30 ዓመት አልፎታል። ሥርዓቱ በየቅሌቱ እየተጠገነ እዚህ ስለደረሰ የት ጋ እንደሚጠነክርና የት ጋ እንደሚሰበር በግልጽ ይታያል። ስለዚህ እዚያ ለሚኖሩ ወገኖችም ሆነ አገር ቤት ሆነው የምክር ቤት አሠራርን ለሚከታተሉ ቢያውቁት ይጠቅማል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የጌቶች ምክር ቤት የራሱ ደንብና የራሱ መርማሪዎች ስላሉት እዚህ አልተካተተም።

ሁለተኛ ሥራ ወይም የኩባንያ አክሲዮን መያዝ በራሱ ጥፋት ነው?

አይደለም። የፓርላማ አባል ቤት አከራይቶ፣ አክሲዮን ገዝቶ፣ በሕክምና ወይም በጥብቅና ሙያው ሠርቶ ገቢ ማግኘት ይችላል። ደንቡ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ማስመዝገብ ነው። አባሉ ያገኘውን ክፍያ፣ ስጦታ፣ በሌላ ወገን ወጪ የተደረገ ጉዞና ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ንብረት ወይም አክሲዮን በ28 ቀን ውስጥ በጥቅም መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። ሁለተኛው በቦታው ማሳወቅ ነው። በምክር ቤቱ ሲናገር፣ በኮሚቴ ፊት ሲጠየቅ፣ ለሚኒስትር ደብዳቤ ሲጽፍ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ጥቅም ካለው እዚያው ይናገራል። መዝገብ ላይ መኖሩ ከዚህ ግዴታ ነጻ አያወጣውም። ሦስተኛውና ከባዱ በክፍያ ማግባባትን መከልከል ነው። ገንዘብ የሚከፍለውን ወገን ለመጥቀም ብሎ ሚኒስትር ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማነጋገር አይችልም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በክፍያ የፓርላማ አማካሪ ሆኖ መሥራት ጭራሽ ተከልክሏል።

አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው ማን ነው?

ማንም ሰው። የፓርላማ አባል መሆን ወይም የዚያ ምርጫ ክልል ነዋሪ መሆን አያስፈልግም። አቤቱታው በጽሑፍ መሆን፣ የአቅራቢው ስምና አድራሻ ሊኖርበት ይገባል፤ ስም የሌለው አቤቱታ አይታይም። አቤቱታውን የሚመረምረው የፓርላማ ሥነ ምግባር ኮሚሽነር አቤቱታ ሳይጠብቅ በራሱ ተነሳሽነት ምርመራ መክፈትም ይችላል።

ምን ዓይነት አቤቱታ ውድቅ ይደረጋል?

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የተናደደ ሰው ንዴቱን ይጽፋል፤ መርማሪው ግን የሚፈልገው ማስረጃ ነው። «ይህ ሰው ለባለሀብቶች የቆመ ነው» የሚል ደብዳቤ የትም አይደርስም። «በዚህ ቀን ከዚህ ኩባንያ ክፍያ ተቀብሏል፤ በዚህ ቀን ስለዚያው ኩባንያ ጉዳይ ለሚኒስትሩ ጽፏል፤ ደብዳቤው ይኸው» የሚለው ግን ይመረመራል። በጋዜጣ የወጣ ወሬ ቆርጦ መላክም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ከሥልጣኑ ውጭ የሆኑም አሉ። አባሉ በያዘው የፖለቲካ አቋም፣ በሰጠው ድምፅ፣ ወይም ለደብዳቤ መልስ ባለመስጠቱ የሚቀርብ ቅሬታ አይታይም። በሚኒስትርነቱ የፈጸመው ጥፋት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥነ ምግባር አማካሪ፣ የወጪ ማካካሻ ጉዳይ ይህንኑ ወደሚቆጣጠረው ገለልተኛ ባለሥልጣን፣ ወንጀል ደግሞ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

መርማሪው ማን ነው? በእርግጥስ ነጻ ነው?

የፓርላማ ሥነ ምግባር ኮሚሽነር ይባላል። ሥራው የተፈጠረው ከአንድ አሳፋሪ ጉዳይ በኋላ ነው። በ1994 ጋርዲያን ጋዜጣ ሁለት የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባላት፣ ኒል ሃሚልተንና ቲም ስሚዝ፣ የሃሮድስ መደብር ባለቤት የነበሩትን የመሐመድ አል ፋይድን ገንዘብ እየተቀበሉ በምክር ቤቱ ጥያቄ ይጠይቁ እንደነበር ጻፈ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር በሎርድ ኖላን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በምክሩም መሠረት የኮሚሽነርነቱ ቦታ በ1995 ተፈጠረ። የመጀመሪያው ኮሚሽነር ሰር ጎርደን ዳውኒ ነበሩ። ሃሚልተን በ1997 ምርጫ በነጭ ሱፍ ልብሳቸው በሚታወቁት የቀድሞ የቢቢሲ የጦርነት ዘጋቢ በማርቲን ቤል ተሸንፈው ወጡ። ምርጫው ያለፈው የዳውኒ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ነበር።

ነጻነቱ ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሁለተኛዋ ኮሚሽነር ኤልዛቤት ፊልኪን ኃያላን የሚባሉ ሰዎችን ሳይፈሩ መረመሩ። የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ በቀጥታ እንደማይታደስላቸው፣ ከፈለጉ እንደ አዲስ እንዲያመለክቱ ተነገራቸው። እሳቸውም ጫና እየተደረገባቸው መሆኑን ለአፈ ጉባኤው ጽፈው ሳያመለክቱ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ የሥራ ዘመኑ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ሆኖ የማይታደስ ተደረገ። አሁን 5 ዓመት ነው። ይህ ትንሽ የምትመስል አንቀጽ በእኔ ግምት ከጠቅላላው ደንብ ትልቁን ሥራ ትሠራለች። መርማሪው ዘመኑን ለማሳደስ ሲል የሚመረምራቸውን ሰዎች ፊት ማየት አያስፈልገውም። ከሥራ የሚነሳውም የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ለቦታው ብቁ አይደለም ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብና ምክር ቤቱ ሲወስን ብቻ ነው። ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ ቦታውን የያዙት ዳንኤል ግሪንበርግ ናቸው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ኮሚሽነሩ መጀመሪያ አቤቱታው ምርመራ ለመክፈት የሚበቃ ማስረጃ እንዳለው ያያል። ካለው ለአባሉ የተጠረጠረበትን የደንብ አንቀጽ ጠቅሶ ይጽፍለታል። አባሉ መልስ የመስጠትና ሰነድ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ኮሚሽነሩን ወይም የኮሚቴ አባላትን በጎን ለማግባባት መሞከር ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሥራው በአብዛኛው የደብዳቤ ልውውጥ ነው። የኩባንያ ውል፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ለሚኒስትር የተላከ ኢሜይል፣ የስብሰባ ማስታወሻ ይሰበሰባል፤ አስፈላጊ ከሆነ ምስክር ይጠየቃል። የስሕተቱ ማረጋገጫ እንደ ወንጀል ክስ ከጥርጣሬ በላይ መሆን አይጠበቅበትም፤ ተፈጽሟል የሚለው ማስረጃ አልተፈጸመም ከሚለው ከመዘነ ይበቃል።

ጥፋቱ ቀላል ከሆነስ?

አባሉ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል፤ መዝገቡ ይስተካከላል፤ ኮሚሽነሩ ደብዳቤዎቹን ለሕዝብ ይፋ አድርጎ ጉዳዩን ይዘጋል። ወደ ኮሚቴ አይሄድም።

የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ጉዳይ ይህን ያሳያል። በመጋቢት 2023 መንግሥታቸው አዲስ ሕፃናት ተንከባካቢዎችን ለማበረታታት 600 ፓውንድ፣ በኤጀንሲ በኩል ለሚመዘገቡት ደግሞ እጥፉን 1,200 ፓውንድ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ባለቤታቸው አክሻታ ሙርቲ ኮሩ ኪድስ በተባለ የሕፃናት እንክብካቤ ኤጀንሲ ውስጥ አክሲዮን ነበራቸው። በዚያው ወር መጨረሻ ሱናክ በሌላ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ዕቅዱ ሲጠየቁ፣ አንዲት የፓርላማ አባል የሚያሳውቁት ጥቅም ይኖር እንደሆነ በቀጥታ ጠየቋቸው። ሱናክ የአክሲዮኑን ነገር አላነሱም። ምርመራው በሚያዝያ ተከፍቶ በነሐሴ ሲዘጋ ኮሚሽነሩ ደንቡ መጣሱን፣ ይህም የሆነው ሆን ተብሎ ሳይሆን ማስመዝገብንና ማሳወቅን በማምታታት መሆኑን ገለጹ። ሱናክ ይቅርታ ጠየቁ። በሥልጣን ላይ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ማንኛውም አባል ደብዳቤ ተጽፎለት መልስ መስጠቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጥፋቱ ከባድ ሲሆን ማን ይፈርዳል?

ኮሚሽነሩ የምርመራ ውጤቱን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ያቀርባል። ኮሚቴው 14 አባላት አሉት። 7ቱ የፓርላማ አባላት፣ 7ቱ ደግሞ ከፓርላማ ውጭ በማስታወቂያ ተመልምለው የሚሾሙ ሰዎች ናቸው። እነዚህ የውጭ ሰዎች በ2013 ሲገቡ 3 ብቻ ነበሩ፤ ድምፅም አልነበራቸውም። ድምፅ ያገኙት በ2019 ነው።

ኮሚቴው አባሉን በጽሑፍና በቃል ይሰማዋል፤ ከዚያ ሪፖርት ያወጣል። በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቅ ከማድረግ ጀምሮ ያለ ደመወዝ ለቀናት ከምክር ቤቱ እስከ ማገድ፣ ጨርሶ እስከ ማባረር የሚደርስ ቅጣት ሊያቀርብ ይችላል። ማገድና ማባረርን የሚያጸድቀው ግን ምክር ቤቱ ራሱ በድምፅ ነው። የሥርዓቱ ስስ ጎን ይህ ነው።

ባልደረቦቹ ድምፅ የሚሰጡ ከሆነ «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» አይሆንም?

አንድ ጊዜ ሊሆን ተቃርቦ ነበር።

ኦወን ፓተርሰን በወቅቱ ገዥ የነበረው የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባል፣ ከ1997 ጀምሮ የሰሜን ሽሮፕሻየር ተወካይ፣ የቀድሞ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ነበሩ። ራንዶክስ ለተባለ የሕክምና ምርመራ ኩባንያና ሊንስ ካንትሪ ፉድስ ለተባለ ሥጋ አቀነባባሪ በአማካሪነት ሲሠሩ ከሁለቱ በዓመት ከ100,000 ፓውንድ በላይ ይከፈላቸው ነበር። የወቅቱ ኮሚሽነር ካትሪን ስቶን ምርመራውን በጥቅምት 2019 ከፈቱ። የተገኘው ውጤት፣ ፓተርሰን ለሁለቱ ኩባንያዎች ሲሉ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲንና የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስቴርን 14 ጊዜ አነጋግረዋል የሚል ነበር።

ፓተርሰን የተከራከሩት ስለ ሕዝብ ጤንነት ነው የተናገርሁት በማለት ነበር። ወተት ውስጥ የአንቲባዮቲክ ቅሪት መገኘቱን ለባለሥልጣን ማሳወቅ ጥፋት ሊሆን አይችልም አሉ። ክርክሩ ባዶ አልነበረም፤ ደንቡም ከባድ ጥፋት ሲያጋጥም ማስጠንቀቅን ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን አደጋ አለ ብሎ ማስጠንቀቅ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ አልፎ ደመወዝ የሚከፍልን ኩባንያ የመመርመሪያ ዘዴ ለመንግሥት ማስተዋወቅ ሌላ። ኮሚቴው ይህን ለይቶ አይቶ፣ ጉዳዩ በክፍያ የማግባባት አስከፊ ምሳሌ ነው አለ፤ ለ30 የሥራ ቀናት እንዲታገዱም ሐሳብ አቀረበ። በምርመራው መሃል፣ በ2020 ክረምት፣ የፓተርሰን ባለቤት ሕይወታቸውን አጥፍተዋል። ኮሚቴው ይህን ሐዘን እንደ ማቅለያ ቆጥሮታል፤ ሰው የሆነ ሁሉ ይህን ጉዳይ ሲያነሳ ሊዘነጋው አይገባም።

ኅዳር 3 ቀን 2021 ሪፖርቱ ለድምፅ ቀረበ። የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት የራሱን አባላት አዝዞ፣ ቅጣቱን አዘግይቶ ጉዳዩን በሌላ አዲስ ኮሚቴ የሚያሳይ ማሻሻያ አጸደቀ። አዲሱ ኮሚቴ የገዥው ፓርቲ አብላጫ ያለበት ነበር። ድምፁ 250 ለ232 ሆነ። ከገዥው ፓርቲ 13 አባላት ትእዛዙን ጥሰው ተቃወሙ። ድምፅ ከመስጠት የተቆጠቡት የአንድ ሚኒስትር ረዳት አንጄላ ሪቻርድሰን ከቦታቸው ተነሱ፤ በማግሥቱ ተመለሱ። በአንድ ሌሊት ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነበርና። ተቃዋሚዎች በአዲሱ ኮሚቴ አንቀመጥም አሉ፤ ጋዜጦች፣ ለመንግሥት ቅርብ የሚባሉት ሳይቀሩ፣ አወገዙት። መንግሥት ውሳኔውን ሳበ፤ ፓተርሰንም በዚያው ቀን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ከዚያ የመጣው የማሟያ ምርጫ ነው። ፓተርሰን በ2019 ያሸነፉት በ22,949 ድምፅ ብልጫ ነበር። ታኅሣሥ 16 ቀን 2021 ግን የሊበራል ዴሞክራቶች ዕጩ ሄለን ሞርጋን ወንበሩን በ5,925 ድምፅ ብልጫ ወሰዱት። መርማሪዋን ከነሪፖርታቸው ገሸሽ ማድረግ ቀላል መስሎ ነበር፤ የሽሮፕሻየር ገበሬዎች ግን ሪፖርቱን አንብበው ነበር።

የተከሰሰው ሰው መብትስ? ይግባኝ አለው?

ፓተርሰን ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ 17 ምስክሮቻቸው በቃል አለመሰማታቸው ነበር። የጽሑፍ ቃላቸው ግን ቀርቧል። ከቀውሱ በኋላ የቀድሞው የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ሰር ኧርነስት ራይደር አሠራሩን እንዲመረምሩ ተጠየቁ። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው፤ የጎደለው መደበኛ ይግባኝ ነው አሉ። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ የኮሚቴውን ውሳኔ የሚቃወም አባል አንድም የፓርላማ አባል ወደሌለበት ገለልተኛ የባለሙያዎች ፓነል ይግባኝ ማለት ይችላል።

የብላክፑል ደቡብ ተወካይ የነበሩት ስኮት ቤንተን ሞክረውታል። የታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢዎች የቁማር ዘርፍ ባለሀብቶች መስለው ሲቀርቧቸው፣ በክፍያ ሚኒስትሮችን እንደሚያነጋግሩላቸው ሲናገሩ በቪዲዮ ተቀረጹ። ኮሚቴው የ35 ቀን እገዳ አቀረበ፤ ይግባኛቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ ምክር ቤቱ በየካቲት 2024 አጸደቀው።

ከታገደ በኋላ መራጩ ሊያነሳው ይችላል?

በ2015 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ አባል በኮሚቴው ሪፖርት ምክንያት 10 የምክር ቤት የሥራ ቀናት ወይም ከዚያ በላይ ከታገደ፣ በምርጫ ክልሉ ለ6 ሳምንት ፊርማ ይሰበሰባል። ከመራጮቹ 10 በመቶ ከፈረሙ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በኮሚቴው ክፍል ውስጥ በ9 ቀንና በ10 ቀን መካከል ያለው ክርክር የአንድ ቀን ክርክር አይደለም።

ይህ ሕግ መጀመሪያ የተሞከረው በሰሜን አየርላንድ፣ በሰሜን አንትሪም ነው። ኢያን ፔይዝሊ በ2013 በስሪላንካ መንግሥት ወጪ ከቤተሰባቸው ጋር ሁለት ጊዜ ለእረፍት ሄደው አላስመዘገቡም። በ2014 ደግሞ ስሪላንካን የሚመለከት የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ውሳኔ እንዳይደገፍ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጻፉ። በ2018 ለ30 የሥራ ቀናት ታገዱ፤ ፊርማው ተከፈተ። የተገኘው 7,099 ፊርማ፣ ማለትም 9.4 በመቶ ነበር። 444 ፊርማ ጎደለ። ለፊርማው የተከፈቱት ሦስት ቦታዎች ብቻ ነበሩ፤ ሕጉ ግን እስከ 10 ይፈቅዳል። ለአንድ ሰፊ የገጠር ምርጫ ክልል ሦስት ቦታ ማነሱ ያኔም አከራክሮ ነበር፤ ለእኔ ዛሬም አሳማኝ መልስ አላገኘም። ፔይዝሊ ወንበራቸውን ያጡት ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ2024 መደበኛ ምርጫ፣ በ450 ድምፅ ነው።

አባሉ ሥራውን ቢለቅ ይድናል?

ከእገዳው ይድናል። ምክር ቤቱ የቀድሞ አባልን ሊያግድ አይችልም። ፓተርሰን አንድም ቀን ሳይታገዱ ወጡ፤ ቤንተንም የፊርማው ጊዜ ሳያልቅ ለቀቁ። የወጣው ሪፖርት ግን አይሰረዝም።

በኢትዮጵያስ ተመሳሳይ ነገር አለ?

መሠረቱ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ለማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 54 ይህንኑ ለተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይደግመዋል። በ2002 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ተመራጮችና ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል፤ የጥቅም ግጭትንም ይመለከታል። ልዩነቱ ያለው ከድንጋጌው በታች ነው። የብሪታንያው መዝገብ የትኛውም ተማሪ ወይም ጋዜጠኛ ስልኩን ከፍቶ በስም ፈልጎ የሚያነበው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሀብት መመዝገቡን እንሰማለን እንጂ የወከለን ሰው ከማን ምን እንደተቀበለ ቤታችን ተቀምጠን አናነብም። ሀብትን መመዝገብና ጥቅምን መግለጥ ደግሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ተመራጩ ሦስት ቤት እንዳለው ማወቅ ስለ ብልጽግናው ይነግረናል፤ ትናንት ድምፅ በሰጠበት አዋጅ ከሚጠቀም ኩባንያ ጋር ውል እንዳለው ማወቅ ግን ስለ ድምፁ ይነግረናል።

ምርመራው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

የሱናክ ጉዳይ 4 ወር ገደማ፣ የፓተርሰን 2 ዓመት ያህል ወስዷል። የሰነዱ ብዛት፣ የአባሉ ትብብር፣ አንዳንዴም ሕመምና ሐዘን ይወስነዋል።

አቤቱታ ከመጻፌ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ሦስት ነገር። መጀመሪያ በጥቅም መዝገቡ ላይ የአባሉን ስም ፈልገው ክፍያው ወይም ስጦታው የተገኘበትንና የተመዘገበበትን ቀን ይውሰዱ፤ በሁለቱ መካከል ከ28 ቀን በላይ ካለ ያ ራሱ አንድ ነጥብ ነው። ቀጥሎ በምክር ቤቱ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ ሃንሳርድ በሚባለው ውስጥ፣ አባሉ ስለ ጉዳዩ የተናገረውን ይፈልጉ፤ ንግግሩን ሲጀምር ጥቅሙን አሳውቆ እንደሆነም ይመልከቱ። ለሚኒስቴር የጻፈው ደብዳቤ ካለ በመረጃ ነጻነት ሕግ መጠየቅ ይቻላል። በመጨረሻ ተጥሷል የሚሉትን የደንብ አንቀጽ ቁጥር ጠቅሰው፣ ቀኖቹን በቅደም ተከተል አስቀምጠው፣ ሰነዶቹን አያይዘው ከስምና አድራሻዎ ጋር ይላኩ። አንድ ገጽ ተኩል ብዙ ጊዜ ይበቃል።